ውሰዱልኝ

የምሠራበት ሆቴል እንግዳ መቀበያ ግድግዳ ላይ፣ ከመሶቦቹና ከቅሎቹ በላይ፣ አንድ ቃሬዛ ተሰቅሏል። ሁለት የጥድ እንጨት፣ በመካከላቸው እንደ አልጋ የተጠለፈ ጠፍር። ለጌጥ እንዲሆን ጫፍና ጫፉ ላይ ትልልቅ ሰፌድ ተደርቦበታል። ሥራዬ ጽዳት ስለሆነ በየጠዋቱ በረጅም መጥረጊያ አቧራውን የማራግፍለት እኔ ነኝ። አንድ ቀን አንድ አስጎብኚ ለእንግዶቹ የነገሥታት መጓጓዣ ነበር እያለ ሲያስረዳ ሰማሁት፤ እንግዶቹም ተገርመው ፎቶ አነሱት። ሳቄ መጣ። በዚያ ጠፍር ላይ ንጉሥ መተኛቱን አላውቅም፤ እናቴ ግን ተኝታበታለች።

ያወቅሁት በጠፍሩ ነው። ከመሀል አንዱ ረድፍ ቀላ ይላል። ያ የእኛ የቀይቱ ላም ቆዳ ነው፤ አሮጌው ሲበጠስ አባዬ በእጁ ቆርጦ የቀጠለው። መጀመሪያ ያየሁት ቀን መጥረጊያዬን ይዤ ብዙ ቆሜ ቀረሁ። ሰው ከሞተ ዘመዱ ጋር ገበያ መሀል ሲገጣጠም እንደዚህ ይሆን ይሆናል።

ልጅ እያለሁ እኛ አገር መኪና በወሬ ነበር የሚታወቀው። ያደግሁት ከብልባላ በላይ ባለች፣ በደብሯ ስም ሚካኤል በምንላት መንደር ነው። የታመመ ሰው ላሊበላ ሐኪም ቤት የሚደርሰው በሰው ትከሻ ነበር፤ ይህም የቅሬው ሥራ ነው። ቅሬ የመንደሩ መረዳጃ ነው፤ ሰው ሲሞት የሚቀብር፣ ሲታመም የሚሸከም። አባል ለመሆን ሌላ ነገር አይጠየቅም፤ ጥሩንባ ሲነፋ ከየቤቱ አንድ ወንድ ትከሻውን ይዞ ይወጣል። ረዘም ብሎ ከተነፋ ለሞተ ሰው ነው፤ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ከተነፋ ለታመመ። ቁርጥ ቁርጥ ሲል ገበሬው ከማሳው ሽቅብም ቁልቁልም ይሮጣል፤ በእግሩ የሚረግጠው ጦስኝ ሽታው መንደሩን ያውደዋል። እስከ ዛሬ ጦስኝ ሲሸተኝ የታመመ ሰው ያለ ይመስለኛል።

እኛ ሴቶች ልጆችም "ቃሬዛ ቃሬዛ" እንጫወት ነበር። በሁለት ሸንበቆ መሀል ነጠላ አስረን አንዷን እናስተኛና ሜዳውን እንዞራለን። ታማሚ ለመሆን ጠብ ነበር፤ እኔ ከሲታ ስለነበርሁ አብዛኛውን ጊዜ የምታመመው እኔው ነበርሁ። ጨዋታው የሚጀመረው አንዷ እንደ ቤቱ ባለቤት ሆና፣ ድምጿን አወፍራ "ውሰዱልኝ" ስትል ነው። ይህን ከራሳችን አላመጣነውም፤ የትልልቆቹ ሕግ ነው። የቅሬው ዳኛ አያ ምስጋናው እንደሚያወጉት፣ በጥንት ጊዜ አንድ ታማሚ ቤተሰቡ ሳይፈቅድ አንሥተውት መንገድ ላይ ሞተ። እናንተ ናችሁ የገደላችሁት ተባለና ሁለት ቤት ደም ተቃባ። ከዚያ ወዲህ የቤቱ ባለቤት ደጅ ወጥቶ በአፉ "ውሰዱልኝ" ካላለ ማንም ታማሚ አያነሣም። ባለቤቱን "በል እንጂ" ብሎ መጎትጎትም ነውር ነው፤ አስገድዶ ከማንሣት አይለይማ።

አባዬ ፈንታው ይባላል። እጀ ሰፊ ሰው ነው፤ ግን ግትር። እናቴ ጥሩወርቅ፣ አባትሽን ከመመለስ ወንዝ መመለስ ይቀላል ትለኝ ነበር። ወንድሜን ባረገዘችበት ዓመት፣ በሰኔ፣ አባዬ ከአያ ምስጋናው ታናሽ ወንድም ከአያ አሰፋ ጋር በማሳ ድንበር ተጣላ። የተጣሉባት አንድ እርምጃ የማትሞላ መሬት ነበረች፤ ድንጋይ እንጂ እህል የማታበቅል። ሳምንት ሳይሞላ አያ አሰፋ ከገደል ወድቀው እግራቸው ተሰበረ። ጥሩንባው ተነፋ። አባዬ በሬዎቹን አላቆመም። ቃሬዛው በማሳችን አጠገብ ሲያልፍ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ያርስ ነበር። እኔ የዘር ቁና ይዤ ዳር ላይ ቆሜ ነበርና ሸካሚዎቹን አየኋቸው።  ትከሻ እየተቀያየሩ አለፉ።

ከቅሬ ወጥተሃል ያለው ሰው አልነበረም። ራሱን ያስወጣው እሱው ነው። ማኅበር መሄድ ተወ፤ ከቅዳሴ ሲወጣ ሰው በማያገኝበት በታችኛው በር ይመለስ ጀመር። ይቅርታ ጠይቅ ብላ እናቴ ስትወተውተው፣ እነሱ ከሰው አልቆጠሩኝም እያለ ያኮርፋል። እሷም ሆዷ እየገፋ ሲሄድ መወትወቱን ተወች።

ምጥ የያዛት በኅዳር፣ ገብሱ እየታጨደ ባለበት ሰሞን ነው። ከሰዓት ጀምሮ እስኪነጋ አማጠች። የመንደራችን አዋላጅ እትዬ ዘነቡ ጎሕ ሲቀድ ወደ አባዬ ዞረው፣ ልጁ ተጋድሟል፣ ከእኔ እጅ በላይ ነው፣ ሰው ጥራ አሉት። አባዬ መደቡ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያይ ነበር።

"ማንን ልጥራ እትየ? እኔ ጀርባየን የሰጠሁትን?"

ውሃ ልቀዳ ስወጣ፣ ከአጥራችን ውጭ ያለው የወይራ ሥር በተቀመጡ ሰዎች ተሞልቶ ነበር። ጥሩንባ ሳይነፋ መጥተዋል፤ የእናቴን ጩኸት ሰምተው ይሆናል። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ማጭዳቸውን ጉያቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ ቃሬዛውን መሀላቸው አጋድመው ነበር። አያ አሰፋ እንኳ ያልዳነ እግራቸውን ዘርግተው፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ማንም አጥሩን አላለፈም። አያ ምስጋናው ጠሩኝና በቀስታ ጠየቁኝ።

"አባትሽ ምን አለ ልጀ?"

"ምንም አላለም አያ።"

እሳቸውም ወደ ሰዎቹ ዞረው፣ "እንግዲህ እንጠብቅ። ቃሉን ብቻ ይበለን" አሉ።

ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ቃሉ ምን እንደሆነም በጨዋታ አንድ ሺህ ጊዜ ብየዋለሁ። ውሃውን ይዤ ተመለስሁ። አባዬ በበሩ ስንጥቅ ወደ ወይራው ያይ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል። ቅሬው ቀባሪም ነውና፣ ሳትሞት ሊቀብሯት መጡ፣ አለ ለራሱ። እትዬ ዘነቡ ከወዲያ ሆነው አፍህን ዝጋ ብለው ተቆጡት። አባየ፣ ሊወስዷት ነው የመጡት፣ ቃሉን ብቻ በል፣ ማለት ነበረብኝ። አላልሁም። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም እየተባልሁ ያደግሁ ነኝ፤ በትልልቅ ሰው ነገር የገባች ልጅ ወሬ አመላላሽ ትባላለች። እንስራውን አስቀምጬ ሌላ ውሃ ልቀዳ ወጣሁ።

እንዲህ ሆኖ ፀሐይዋ ከተራራው በላይ ወጣች። እነዚያ ደጅ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ አባዬ ቤት ተቀምጦ ያፍራል። በመካከላቸው ያለው ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ እኔ ያን ሃያ እርምጃ ስመላለስ ረፈደ። ያን ጠዋት በእያንዳንዱ ጉዞዬ አሁን እላለሁ፣ አሁን እላለሁ እያልሁ፣ ከደጃፉ ስደርስ አፌ ይታሰራል። በሕይወቴ ያን ያህል ውሃ ቀድቼ አላውቅም።

ቃሉን ያስወጣችው እናቴ ናት። ጩኸቷ ቀርቶ ማቃሰት ከጀመረች በኋላ፣ ዓይኗን ገልጣ እኔን አየችኝ።

"ውጭ ያለው ማን ነው?"

"ቅሬው ነው። አባየ ቃሉን እስኪል ነው የሚጠብቁ።"

ጠዋቱን ሙሉ ያወቅሁትን የጠየቀኝ ሰው እሷ ብቻ ነበረች። አባዬ ከመደቡ ላይ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ ያን ዓይኑን አልረሳውም። እናቴ ግን እሱን አልጠበቀችም። ከየት እንዳመጣችው በማላውቀው ድምፅ "ውሰዱኝ!" ብላ ጮኸች። ውጭ ሁሉም ብድግ አሉ፤ ቢሆንም አጥሩን አላለፉም። ታማሚ ራሱ ቃሉን ሲል ሰምተው አያውቁም፤ ሕጉ ለዚህ መልስ የለውም። እርስ በርስ ተያዩ። ያኔ አባዬ በባዶ እግሩ ወጣ። መጀመሪያ ዓይን ለዓይን የተጋጠመው ከአያ አሰፋ ጋር ነው። ድምፁ ሲወጣ እንደ ሕፃን ነበር።

"ውሰዱልኝ።"

አላስደገሙትም። አያ አሰፋ የራሳቸውን ጋቢ አውልቀው ጠፍሩ ላይ አነጠፉ፤ ስምንት ሰዎች ገብተው እናቴን አወጧት። አባዬ አንዱን ጫፍ ሊይዝ ሲል መለሱት። የታማሚ ባለቤት አይሸከምም፤ ልቡ ስለማይረጋ እግሩ ይስታል። ቅል ውሃ ይዞ ከኋላ እንዲሄድ አደረጉት። እኔም ተከትዬ ሮጥሁ። አራት ሰው በትከሻው፣ አራት ደግሞ ጎን ጎኑን ለመቀየር፤ ቃሬዛው ሳይቆም ከትከሻ ወደ ትከሻ ይተላለፍ ነበር። የላብና የገብስ ገለባ ሽታ፣ የሚፈጨው ጦስኝ፣ የእናቴ አንድ እጅ ወደ ጎን ተንጠልጥሎ መወዛወዙ፣ ይህ ሁሉ አሁንም ከእኔ ጋር ነው።

አጥቢያችን የሚያልቅበት ወንዝ ስንደርስ ማዶ ያሉት አጫጆች ከሩቅ አይተውን ማጭዳቸውን ጥለው ወርደው ጠበቁን። ማን ናት ብሎ የጠየቀ አልነበረም። "በየት በኩል ነው የሚያማት?" ብለው ብቻ ጠይቀው፣ ትከሻቸውን ከእኛ ሰዎች ትከሻ ሥር አስገቡ። እንዲህ እየተባለ፣ አንዱ አጥቢያ ለሌላው እያስረከበ፣ እስከ ላሊበላ ድረስ ስሟን የማያውቅ ሰው ይሸከማታል ማለት ነው። ይህ ውለታ አይደለም፤ ለማንም አይመዘገብም። ነገ የነሱ ታማሚ በእኛ በኩል ካለፈ እኛም ስሙን አንጠይቅም።

እኔን ከወንዙ መለሱኝ። አያ ምስጋናው እጄን ይዘው ሽቅብ ሲወስዱኝ ከኪሳቸው የገብስ ቆሎ አውጥተው በመዳፌ አደረጉልኝ። አልበላሁትም፤ ጨብጬው ሄድሁ። ትድናለች ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ወደ ወንዙ ዞረው አዩና፣

"ዘገየን ልጀ" አሉኝ።

ዘገየ አላሉም። ዘገየን ነው ያሉት። እኔንም ቆጥረው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በስምንተኛው ቀን እናቴ በዚያው ቃሬዛ፣ በዚያው መንገድ፣ በሌላ ሰው ትከሻ ተመልሳ መጣች። ወንድሜ አልመጣም። ያለቀሰበትን ድምፅ ማንም አልሰማውም፤ ከሆዷ ሲወጣ ሞቶ ነበር። ሐኪሙ፣ ግማሽ ቀን ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ ኖሮ ልጁም ይተርፍ ነበር ብሎ እንደነበር እናቴ የነገረችኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ግማሽ ቀን። እኔ ውሃ ስቀዳ ያረፈድሁት ጠዋት።

አባዬ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነ። ቃሬዛው እኛ ቤት እንዲቀመጥ ራሱ ለመነ፤ ከጣሪያችን ክፈፍ ሥር ሰቀለው። ትከሻ እንዳይቆርጥ አራቱን ጫፎች በፍየል ቆዳ ጠቀለላቸው፤ ሲሳሳ እየፈታ እንደገና ይጠቀልላል። ጥሩንባው ተነፍቶ ሳያልቅ እሱ ከደጅ ነው። አያ አሰፋ ሲሞቱ ከፊት ቀኙን ጫፍ ይዞ ለማንም ሳያስነካ እስከ መቃብር አደረሳቸው። ስለዚያ ጠዋት ግን ከእኔ ጋር አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። እኔም አልተናገርሁም። ሁለታችንም እናውቃለን፤ ይህ ይበቃል ብለን ይሆናል።

ከዚያ ዓመታት አለፉ። እናቴም በዕድሜዋ አረፈች፤ እኔም ሥራ ፍለጋ ላሊበላ ወረድሁ። መንገዱ እስከ ሚካኤል ገባና ባጃጅ መጣ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር፤ ያን ቀን ባጃጅ ቢኖር ወንድሜ ዛሬ ጎልማሳ ነው። ጥሩንባው ለሞተ ሰው ብቻ መነፋት ጀመረ። ቃሬዛው ከቤታችን ወጥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ገባ፤ ከዚያ የድሮ ዕቃ የሚሰበስቡ ሰዎች መጥተው ከሙቀጫና ከአሮጌ መሶብ ጋር ወሰዱት። ማንም ክፉ አላሰበም። የማያገለግል ዕቃ ነበራ።

ከዚያ ደግሞ ክፉ ጊዜ መጣ። ነዳጅ ጠፋ፤ መንገዱ ዛሬ ሲከፈት ነገ ይዘጋል። የመንደራችን ጎረምሶች ገሚሱ አዲስ አበባ፣ ገሚሱ ዓረብ አገር ገባ፤ የት እንደገቡ የማይታወቁም አሉ። ባጃጆቹ ላስቲክ ለብሰው ቆመዋል። ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችን ልጅ በስልኳ ከአባዬ ጋር አገናኘችኝ። ከእርከን ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰብሯል። አምስተኛ ቀኑ ነበር።

ድምፁ ቀጭን ሆኗል። ጥሩንባ አስነፍቼ ነበር፣ አለኝ። አጭር አጭር አድርገው ነው የነፉት። በጠፍር አልጋዬ ደጅ አውጡኝ ብያቸው፣ ተኝቼም ቢሆን ቃሉን እኔው ራሴ አልሁት፣ አለኝ። የመጡትን ቆጠረልኝ፦ አንድ ቄስ፣ ዓይናቸው የማያይ አንድ ሽማግሌ፣ ሰባት ሴቶች። በዚያው አልጋ ሊያነሡት ሞክረው ቢከብዳቸው ከአጥሩ መለሱት። ከዚያ ፈራ ተባ እያለ፣ ያ ቃሬዛ አንቺ ጋ ነው ይላሉ፣ እውነት ነው? አለኝ። አልጋ ለመንገድ አይሆንም፤ ያኛው ቀላል ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ደግ ሰው ነው። ነገሩን ስነግረው አላስጨረሰኝም፤ "ውሰጂው" አለኝ። መሰላል አመጣን፤ እሱና ዘበኛው ወጥተው ሰፌዶቹን አነሡ። ያኔ ነው ያየሁት። አራቱም ጫፎች ተቆርጠዋል። በመጋዝ፣ ልክ ልካቸውን፣ ከጠፍሩ ጥግ ላይ። የአባዬ የፍየል ቆዳ የለም፤ በምትኩ ቫርኒሽ ተቀብቷል። ሥራ አስኪያጁ ደንግጦ፣ ከበሩ መቃን አልፎ አስቸገረ ብሎ አናጺው ነው የቆረጠው አለኝ። ለመሰቀል ይበቃል፤ ትከሻ የሚገባበት ግን የለውም። እንጨት ይቀጠልለታል አለ ዘበኛው። አዎን፣ እንጨትስ ይቀጠላል።

ስልክ ደወልሁለት። መቆረጡን አልነገርሁትም። ነገ በእግሬ እንደምነሣ ብቻ ነገርሁት፤ ብደርስም ለሰባቱ ሴቶች ስምንተኛ ከመሆን በቀር ምን እንደማደርግለት አላውቅም። ያኔ ደጃችን ሰው ሞልቶ አባዬ ቃሉን መናገር ያፍር ነበር፤ እኔም ሰምቼ ዝም አልሁ። አሁን አላፈረም፤ እኔም እነሆ አፌ ተፈቷል።

"ስንት ሰው አለ ካንቺ ጋ?" አለኝ።

ዞር ብዬ አየሁ። ሥራ አስኪያጁ ቃሬዛውን በአንድ ጫፉ ይዞ ቆሟል፤ ዘበኛው መሰላሉን ያጥፋል።

"እኔ ነኝ አባየ። እኔ ብቻ ነኝ።"

 ከኋላው ዶሮ ሲንጫጫ ይሰማኛል፤ ደጅ ነው ማለት ነው፤ አሁንም ደጅ ተኝቶ ነው።

"እንግዲያ ቃሉን ለማን ልበለው ልጀ?" አለኝ።